የሌለው ገመድ

አሮጌ መኪና ላይ ለማግኘት እጅግ የሚያስቸግረው ብልሽት፣ የተበላሸ ዕቃ የሌለበት ብልሽት ነው። የተቃጠለ ፊውዝ ይታያል። የተበጠሰ ሽቦ ይታያል። ያለቀ የሞተሪኖ ካርቦን ተፈቶ ሲወጣ ይታያል። የሌለ ነገር ግን በየት በኩል ይታያል? ኮፈን ከፍቶ ያጎነበሰ ሰው የሚያየው ያለውን ብቻ ነው፤ ያለው ሁሉ ደግሞ ደህና ሊሆን ይችላል። ባትሪው ደህና፣ ዲናሞው ደህና፣ ሞተሪኖው ደህና፤ መኪናው ግን አይነሳም። ስለ ምክንያትና ውጤት መራቀቅ የሚወድ ሰው መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት አንድ ክረምት ከመኪና ኤሌትሪሲስታ አጠገብ በርጩማ ይዞ ቢቀመጥ ይጠቀማል የምለው ለዚህ ነው።

ቦታው ቡሬ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አስፋልት ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምንና ማንኩሳን አልፎ ቡሬ ሲደርስ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቲሊሊና ወደ እንጅባራ ይቀጥላል፣ ሌላው አባይን ተሻግሮ ነቀምት ይገባል። መንገድ የሚከፈልበት ከተማ ጋራዥ አያጣም። ጋራዥ ስል የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የተቃጠለ ዘይት የጠገበ መሬት፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠሉ የሞቱ ዲናሞዎችና አንድ የባትሪ ቻርጀር ማለቴ ነው። ወደዚህ የሚመጡት አብዛኞቹ መኪኖች አዲስ አበባ ላይ አንድ ዕድሜ ኖረው የወረዱ ናቸው፤ ሃይሉክሱ፣ ላንድክሩዘሩ፣ አይሱዙው፣ ዶልፊኑ። የከተማ ሰው በቃኝ ያለውን መኪና የጃቢ ጠህናን በርበሬ ነጋዴ ገና አንድ ብሎ ይጀምርበታል።

ከእነዚህ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራ የናፍጣ ሃይሉክስ፣ ለዚህ ሐተታ መነሻ ሆኖኛል። ባለቤቱ በርበሬና በቆሎ የሚነግዱ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። መኪናው ሲፈልግ ይነሳል፤ ሳይፈልግ “ጠቅ” ብሎ ዝም ይላል። እሳቸው ግን ዝም አላሉም። ባትሪ ገዙ፣ የሞተሪኖውን ካርቦን አስቀየሩ፣ ዲናሞውን አስፈትሸው አሳሰሩ፣ የቁልፉን ቤት ሳይቀር አስለወጡ። አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር መኪናው ለጥቂት ቀን ይሻለዋል፤ ከዚያ የገበያ ቀን ጠብቆ ይቆማል።

“ልጄ፣ ያልቀየርኩለት ነገር ቢኖር ራሴን ብቻ ነው” አሉት የቡሬውን ወጣት ኤሌትሪሲስታ።

“እስቲ ጋሼ፣ የፊት መብራቱን ያብሩና ቁልፉን ያዙሩልኝ።”

አዞሩት። ጠቅ። ወጣቱ የተመለከተው ሞተሩን ሳይሆን ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ያረፈውን ብርሃን ነው። ብርሃኑ ንቅንቅ አላለም። ሞተሪኖ ከ100 አምፔር በላይ የሚስብ ዕቃ ነው፤ ባትሪው ደካማ ቢሆን ወይም ሞተሪኖው ውስጡ ተይዞ ብዙ ኃይል ቢጎትት ኖሮ መብራቱ ይደበዝዝ ነበር። አለመደብዘዙ ጉልበቱ ባትሪው ውስጥ መኖሩን፣ ነገር ግን መሄጃ ማጣቱን ይናገራል። ወጣቱ ቴስተሩን አወጣ። ባትሪው 12.6 ቮልት አለው። ቀዩ ወፍራም ገመድ ሞተሪኖው ድረስ ምንም ሳይጎድልበት ይደርሳል። ቀጥሎ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ቁልፉን እንደገና አስዞረ። በሁለቱ መካከል መታየት ያለበት ከግማሽ ቮልት ያነሰ ነው፤ ሁለቱ እንደ አንድ ብረት ሊቆጠሩ ይገባልና። ቴስተሩ ከ5 በላይ አሳየ።

“ጋሼ፣ የነዳጅ መስጫው ካቦ ተቀይሯል እንዴ?”

“ኧረ እሱማ ሌላው ጉዴ ነው! ይቃጠላል። አንዴ ፍኖተ ሰላም አስቀየርኩ፣ አንዴ ደምበጫ አስቀየርኩ። ላስቲኩ ይቀልጥና ይጣበቃል፤ ረግጬ ስለቀው አልመለስ ይለኛል።”

“ታዲያ ምነው ይህን ቀድመው ሳይነግሩኝ?”

“አንተ የኤሌትሪክ ሰው ነህ፤ ካቦ የሜካኒክ ነው። ምን ብዬ ልንገርህ?”

ወጣቱ ስቆ መኪናው ሥር ገባ። ከባትሪው ኔጋቲቭ የሚነሳው ወፍራም ገመድ ሻንሲው ላይ ታስሯል፤ ጥሩ። ከሻንሲው ወደ ሞተሩ የሚያሻግር ሌላ ገመድ ግን የለም። አልተበጠሰም፣ አልዛገም፣ አልላላም፤ የለም። ሞተሩ ደግሞ ከሻንሲው ጋር ብረት ለብረት አይገናኝም፤ የተቀመጠው ንዝረቱን በሚያበርዱ ወፍራም ጎማዎች ላይ ነው፣ ጎማ ደግሞ ኤሌትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ሞተሪኖውን ማዞር የነበረበት ኃይል ወደ ባትሪው መመለሻ ፈልጎ ፈልጎ ከሞተሩ ወደ ቦዲው የተዘረጋ አንድ ቀጭን ብረት አገኘ። እሱም የነዳጅ መስጫው ካቦ ነው። ካቦው 0.05 ኦም ያህል ብቻ ቢቃወም፣ 100 አምፔር ሲያልፍበት 5 ቮልት ይበላል፤ 5 ቮልት በ100 አምፔር ሲባዛ 500 ዋት ነው። እግር የሚጎትተው ቀጭን ሽቦ ውስጥ 500 ዋት ሙቀት ሲገባ ላስቲኩ ባይቀልጥ ነበር የሚገርመው። ቴስተሩን ሞተሩ እንደቆመ ኦም ላይ አድርጎ ለሚለካው ሰው ግን ያ 0.05 ዜሮ ነው። መሣሪያው “ይገናኛል” ይላል፤ አልዋሸም። ይገናኛል፤ ጭነት እስኪመጣ ድረስ።

የመኪና ኤሌትሪክ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ። ቤታችን ውስጥ ለእያንዳንዱ አምፖል ሁለት ሽቦ ይዘረጋል፤ አንዱ ማምጫ አንዱ መመለሻ። መኪና ላይ ግን ፋብሪካው ለቁጠባ ሲል መመለሻውን ትቶታል። ማምጫው በየቀለሙ ተለይቶ፣ ፊውዝ ተበጅቶለት፣ ማብሪያ ማጥፊያ ተደርጎለት ይሄዳል፤ መመለሻው የመኪናው አካል ራሱ ነው። የፊት መብራቱም፣ ክላክሱም፣ ፍሬቻውም፣ የዝናብ መጥረጊያውም የተጠቀሙበትን ወደ ባትሪው የሚመልሱት በዚያው በአንድ ብረት ነው። ኤሌትሪሲስታዎች ማሳ ይሉታል። ማምጫው ሲበላሽ አንድ ዕቃ ይሞታል፣ ጥፋተኛውም ወዲያው ይታወቃል። መመለሻው ሲበላሽ ግን ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያማቸዋል እንጂ የሚሞት የለም። ፍሬን ሲረገጥ የጎን መብራት ይፈዝዛል፤ ፍሬቻ ሲበራ የኋላ መብራት አብሮ ይርገበገባል። የኋላ አምፖሉ ባለ ሁለት ክር ነው፤ አንዱ 21 ዋት ለፍሬን፣ ሌላው 5 ዋት ለማታ። ሁለቱ የሚጋሩት አንድ መመለሻ ከዛገ የአንዱ ኃይል በሌላው ክር በኩል ወደ ኋላ ሾልኮ ሌላ መብራት ቤት ይገባል። ሹፌሩ “መኪናዬ ጋኔን ገብቶበታል” ይላል። መንገድ የተዘጋበት ኃይል በጎረቤት ግቢ ሲያቋርጥ እንጂ ሌላ ጋኔን የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። ፖዚቲቭና ኔጋቲቭ የሚለውን ክፍፍል በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያቆመው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው፤ አንዱን “የሚሰጥ” ሌላውን “የሚቀበል” ብሎ በግምት መደበ። እንግሊዛዊው ጄ. ጄ. ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1897 ኤሌክትሮንን ሲያገኝ ግምቱ የተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ፤ በሽቦው ውስጥ የሚጓዙት ከኔጋቲቩ ተነስተው ወደ ፖዚቲቩ ነው። እንግዲህ እኛ መመለሻ የምንለው ብረት በእርግጥ መነሻው ነበር ማለት ነው። ስሌቱ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚያስኬድ ማንም ለማረም አልደከመም። የኔ ጥርጣሬ ግን እዚህ ድረስ ይሄዳል፤ ብልሽት ሲመጣ ሁላችንም ቀዩን ገመድ ቀድመን የምንጠረጥረው፣ ጥቁሩን የመጨረሻ የምናየው፣ ሰጪውን ባለታሪክ ተቀባዩን ዝምተኛ አድርጎ መሳል ስለለመድን ይመስለኛል። በነገራችን ላይ ድሮ ወደ አገራችን ይገቡ ከነበሩት የእንግሊዝ መኪኖች መካከል ፖዚቲቩ ከአካሉ ጋር የታሰረባቸው ነበሩ፤ የድሮ ላንድሮቨር የጠገነ አንጋፋ ኤሌትሪሲስታ ካለ ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። የሌለ ነገር እንዴት ምክንያት ይሆናል?

ቀላል ይመስላል፤ “ገመዱ ስለሌለ ነው” ብለን መልሰናል። ግን ሃይሉክሱ ላይ የሌለ ነገር ስፍር ቁጥር የለውም። ሬዲዮ የለውም። ማቀዝቀዣ የለውም። ኮፈኑ ሥር ዝሆንም የለም። የዝሆኑን አለመኖር ትተን የገመዱን አለመኖር ብቻ ለይተን በምን ሥልጣን ነው “ምክንያት” የምንለው? ሁለቱም እኩል የሉም። አለመኖር ደረጃ የለውም፤ ከሌላ የሌለ ነገር ይልቅ እጅግ አድርጎ የሌለ ነገር የለም። ልዩነቱ ከመኪናው ውስጥ አይመጣም። ገመዱ እዚያ መሆን ነበረበት፤ ዝሆኑ ግን መሆን አልነበረበትም። ይህ “ነበረበት” የሚለው ነገር በቴስተር አይለካም፣ በእጅ አይዳሰስም። ያለው በሚያየው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ሕግ አዋቂዎች ይህን ቀድመው ነቅተውበታል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 23 ላይ ወንጀል የሚሆን ድርጊትን ሲተረጉም የተከለከለን ማድረግ ብቻ ሳይሆን የታዘዘን አለማድረግንም ይጨምራል። ዳኛ ፊት ያለማድረግ ጥፋት የሚሆነው ትእዛዝ ካለ ብቻ ነው፤ ትእዛዝ በሌለበት ያላደረግነው ሁሉ እንደ ዝሆኑ ነው። የሂፖው አውግስጢኖስም ክፋትን የበጎ ነገር ጉድለት ነው ባለ ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ሳያስብ አልቀረም፤ ጉድለት ለማለት መጀመሪያ ሙላቱን ማወቅ ያሻል። የኤሌትሪሲስታው ጉድለት ግን ከነገረ መለኮቱ ይልቅ ቅርጽ አለው። ርዝመቱ ክንድ ያህል ነው፣ ውፍረቱ የአውራ ጣት ያህል፣ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ብሎን ይፈልጋል። ወጣቱ ከመኪናው ሥር ሳይወጣ በእጁ በአየር ላይ ልኩን አሳይቶኛል። የሌለውን ነገር በልኩ የሚያሳይ እጅ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ስለ ጎጃም የሚጽፍ ሰው እዚህ ሲደርስ ሰምና ወርቅ ላይ መሮጡ የታወቀ ነው፤ መብራቱ ሰም፣ የዛገው ብሎን ወርቅ እያለ። እኔ ከቅኔ ቤት የምፈልገው ሌላውን ነው። የቅኔ ቤቶቹ ጎንጅና ዋሸራ ከዚህ ሩቅ አይደሉም። ተማሪው ቅኔውን ሲነግር መምህሩ የሚያዳምጡት ብራና ሳይዙ ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ ዘአምላኪየ ሦስት፣ መወድስ ስምንት። ተማሪው ሰባት ቤት መወድስ ቢያቀርብ ሰባቱም ቤት ያማሩ፣ ግሡ የተገራ፣ ምሥጢሩ የጠለቀ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ቤት ለየብቻ ለሚመረምር ሰው አንድም ስሕተት የለበትም። መምህሩ ግን ይጎድላል ይላሉ። የጎደለውን ቤት አልሰሙትም፤ የሰሙት ሰባቱን ነው። ጉድለቱን የሰሙት ስምንቱ እሳቸው ዘንድ ስላሉ ነው። ለዚህ ነው ልኩን የማያውቅ አድማጭ በጎደለ ቅኔ እያደነቀ የሚሄደው፤ ለዚህም ነው ፍኖተ ሰላምና ደምበጫ ያሉት ሜካኒኮች በንጹሕ ልብ ካቦ ቀይረው የሸኙት። እነሱ ዘንድ ሃይሉክስ ሰባት ቤት ነው።

ልፈርድባቸው አልፈልግም። የተቃጠለ ካቦ መጣላቸው፤ የተቃጠለውን አውጥተው ደህናውን አስገቡ። ሥራቸውን ሠሩ። ካቦው በእርግጥ ተበላሽቷል። ጥያቄው ከካቦው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ የሚኬድበት ነው፤ ነዳጅ መስጫ ካቦ እሳት የሚያገኘው ከየት ነው? የሚቃጠለው ከእርጅና ነው ብሎ ማሰብ ይቀላል። አሮጌ መኪና ላይ እርጅና የሁሉ ነገር መልስ ነው፣ ስለዚህም የምንም ነገር መልስ አይደለም። ካቦው ያላመመውን ሕመም ተሸክሞ፣ የማይገባውን ጭነት አሳልፎ፣ ሲቃጠል እሱው ጥፋተኛ ተባለ፤ ተነቅሎም ተጣለ፤ በምትኩ ሌላ ገብቶ ያንኑ ጭነት ተረከበ። ባለቤቱም ሁለቱን ነገር ያላገናኙት ስለማያስተውሉ አይደለም። ካቦ የሜካኒክ ነው፣ ሞተሪኖ የኤሌትሪሲስታ ነው ያልናቸው እኛ ነን። ሙያ ለሁለት ስንከፍለው ምልክቶቹም ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ምልክት አንድ ጋራዥ፣ ሌላው ሌላ ጋራዥ ሄደ።

ሌላም አለ። ገመዱ የጠፋው ትናንት አይደለም። ሞተሩ አንድ ጊዜ ለእድሳት ወርዶ ነበርና ሲመለስ ያልታሰረው ያኔ ይመስላል። ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልቆመም? ብረት ደግ ነገር ነው። ሞተሩ በጭስ ማውጫው፣ በአንዳንድ ቧንቧው፣ እዚህም እዚያም በሚነካካ ነገር ሁሉ ከሻንሲው ጋር ይገናኝ ነበር፤ ኃይሉም ተከፋፍሎ በየስርጡ ሲመለስ ቆየ። ከዚያ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው የጎጃም ዝናብ አለ። በዚህ አገር ጭቃው ከመኪናው ሥር ተለጥፎ ውሃውን ይዞ ይቆያል፣ ሲደርቅ እንኳ አይለቅም። ዝገቱ ስርጡን አንድ በአንድ ዘጋው። የመጨረሻው መተላለፊያ ካቦው ሆነ። ስለዚህ “መቼ ተበላሸ?” ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ምንድን ነው? ገመዱ በቀረ ዕለት ነው ወይስ የመጨረሻው ብረት በዛገ ዕለት? ባለቤቱ መበላሸት የሚሉት ሁለተኛውን ነው፤ ወጣቱ የመጀመሪያውን። በመካከላቸው ያለው ዘመን መኪናው ተበላሽቶ የሠራበት ዘመን ነው፤ እንዲህ ያለ ዘመን መኖሩን አምኖ መቀበል ለብዙ ሰው ይከብዳል።

ጥገናው ራሱ አጭር ነው። ወጣቱ መጀመሪያ የባትሪ ማበደሪያ ገመድ አምጥቶ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አያያዘ። ቁልፉ ዞረ፤ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ከዚያ ከወደቀ መኪና ላይ የተፈታ የተጎነጎነ የመዳብ ገመድ ከሣጥኑ አወጣ፤ የሚታሰርበትን የሻንሲ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ብረቱ እስኪያበራ ነጭ አደረገው፤ አጥብቆ አሰረና ውሃ እንዳይገባበት በላዩ ግራሶ ቀባበት። ባለቤቱ ኪሳቸው ገቡ። እሱ ግን ቁልፍ አንስቶ ያሰረውን ገመድ መልሶ ፈታው።

“ምን አደረግህ አንተ!” አሉት።

“አንድ ጊዜ ያዙሩልኝ፣ ጋሼ።”

ጠቅ። እንደገና አሰረው፤ ተነሳ።

የዚህ ነገር ትርጉም ለባለቤቱ አልተገለጠላቸውም፤ ለኔ ግን ከጥገናው ይልቅ ትልቁ ይህ ነበር። አሮጌ መኪና ላይ አንድ ነገር ነካክቶ መኪናው ሲነሳ “አገኘሁት” ማለት የየዕለቱ ነገር ነው። ባትሪውን ሲቀይሩ ተነስቷል፤ ካርቦኑን ሲቀይሩ ተነስቷል፤ የቁልፉን ቤት ሲቀይሩም ተነስቷል። በየጥገናው አንድ ነገር ይነቀነቃል፣ የዛገ ቦታ ይፋቃል፣ ስርጥ ይከፈታል፤ ከዚያ ምስጋናው ለተቀየረው ዕቃ ይሰጣል። የስኮትላንዱ ዴቪድ ሂዩም እኛ የምናየው አንዱ ነገር ከሌላው ተከትሎ ሲመጣ ነው እንጂ ማስከተሉን ራሱን አይተነው አናውቅም ብሎ ብዙ ሰው አስቀይሟል። ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፉ ደግሞ፣ በሁሉም ነገር የሚመሳሰሉና በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሁኔታዎችን አቅርቡልኝ፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን የሚል መንፈስ ያለው ሥርዓት አበጀ። የቡሬው ኤሌትሪሲስታ ሚልን አላነበበም። ነገር ግን ብልሽትን መልሶ ማምጣት የማይችል ሰው ብልሽቱን አግኝቻለሁ ሊል አይገባውም ብሎ ያምናል። ደንበኛ የሚከፍለው እንዲነሳለት ነው፤ መልሶ እንዲቆምለት የሚከፍል የለም። እውቀት ግን ያለው እዚያች መኪናው ሆን ተብሎ በቆመባት ደቂቃ ውስጥ ነው።

ባለቤቱም ቢሆኑ ዝም ብለው የሚሸነፉ አይደሉም። “ታዲያ የከፈልኩህ ለአንድ አሮጌ ገመድ ነው?” ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ለባትሪ ሲከፍሉ ባትሪ ይዘው ሄደዋል፤ ለካቦ ሲከፍሉ ካቦ አይተዋል። ለማወቅ ግን ሲከፈል ምን ይዞ ይኬዳል? በመጨረሻ ሁለቱም በመጠኑ ቅር ብሏቸው ተስማሙ። ሲሄዱ ከዕቃ መሸጫው አንድ አዲስ የነዳጅ መስጫ ካቦ ገዝተው ከወንበሩ ኋላ አኖሩ፤ ለማንኛውም ብለው።

ይህ ወጣት ስምንተኛውን ቤት ከየት አገኘው? የፋብሪካው መጽሐፍ የለውም። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በተቋረጠበት፣ መንገዱም በየጊዜው በሚዘጋበት አገር የሽቦ ሥዕል ፈልጎ በስልክ ማየት የማይታሰብ ነገር ነበር፤ መለዋወጫም ከመርካቶው ሶማሌ ተራ ተነስቶ የአባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ እስኪደርስ ድረስ የመንገዱን ፈቃድ ይጠብቃል። የእሱ መጽሐፍ ሌላ ሃይሉክስ ነው። ያልገባው ነገር ሲገጥመው “እስቲ ጓደኛዋን እንያት” ይልና ተመሳሳይ መኪና እስኪመጣ ይጠብቃል። ዘዴው ብልህ ነው፤ ግን ያሳስበኛል። ሞተር የሚያወርዱት ጋራዦች ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ያችን ገመድ መመለስ ከረሳ በአካባቢው ያሉ ብዙ ሃይሉክሶች ያለ እሷ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ጓደኛዋም ላይ የለችም፤ የጓደኛዋ ጓደኛም ላይ የለችም። ሁሉም ላይ የሌለ ነገር ደግሞ አይጎድልም። ከዝሆኑ ጋር ይቆጠራል።

አዲስ መኪና ይህን ሁሉ ያስቀራል የሚል ተስፋ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የመጣው ኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪና አስገቢውን ክፉኛ ተጭኖታል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናግረዋል። ለቡሬ ገጠር ግን ይህ ማለት፣ ቢያንስ ለጊዜው፣ ያለው ሃይሉክስ ከቀድሞውም በላይ ሊኖር ይገባዋል ማለት ነው። አዲሶቹ መኪኖች ብልሽታቸውን በኮድ ይናገራሉ ይባላል፤ ይናገራሉም። ኮዱ ግን የሚናገረው የትኛው ዕቃ እንደተከፋ እንጂ ማን እንዳስከፋው አይደለም። አንድ ማሳ ሲላላ በዚያው የሚመለሱት ሴንሰሮች ሁሉ በየፊናቸው ይከሳሉ፤ ስካነሩም ክሱን ሁሉ በታማኝነት ይመዘግባል፤ ካቦ ቀያሪውም በየኮዱ አንድ አንድ ዕቃ ይቀይራል።

ወጣቱ ከዚያ ወዲህ ወደ ጋራዡ የሚመጣ ሃይሉክስ ሁሉ ሥር ሳይገባ አያልፍም። ገመዷ ከሌለች፣ ባለቤቱ የመጣው ለክላክስም ይሁን ለፍሬቻ፣ ከሣጥኑ አንድ አውጥቶ ያስራል፤ ዋጋም አይጠይቅም። ሰዉ ሁሉ ግን አይወድለትም። አንድ ሹፌር በማግሥቱ እየተቆጣ ተመልሶ መጣ፤ ማንኩሳ ላይ ሌላ ሜካኒክ መኪናውን አይቶለት ኖሯል።

“ትርፍ ገመድ አስገብተህብኛል” አለው። “ሌላ ሃይሉክስ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። አስፈትቼ ጣልኩት።”